ለሦስት ሳምንት የሚገዛ ቤት

ነሐሴ ነው። ሊፍቱ ገና ስላልተገጠመ ዘጠነኛ ፎቅ የሚወጣው በእግር ነው። ከሜሪላንድ የመጣችው ነርስ ስድስተኛው ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ታናሽ ወንድሟ ደረጃው ላይ ያቆረውን ውሃ እየዘለለ ከፊት ይሄዳል። ፕላን በእጁ የያዘው የሽያጭ ሠራተኛ ከሁለቱም ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃቸዋል። ቤቱ መስኮት የለውም፤ በክፍቱ ላይ የተወጠረው ላስቲክ በነፋሱ ይንኳኳል።

«ሳሎኑ ይኼ ነው። እዚህ ጋ በረንዳ አለልዎት። ሰማዩ ሲጠራ እንጦጦ ፊት ለፊት ይታያል» አላት ሠራተኛው።

እሷ ወደ በረንዳው ስትሄድ ወንድሟ ከኪሱ ሜትር አወጣ። ከግድግዳ ግድግዳ እየለካ ሳሎኑን፣ ሁለቱን መኝታ ቤቶች፣ ማብሰያውን፣ መታጠቢያውን አንድ በአንድ ስልኩ ላይ ጻፈ። ሲደምረው 87 ካሬ መጣ። የሽያጭ ወረቀቱ የሚለው 112 ነው። ሠራተኛው አልተደናገጠም፤ 112ቱ የደረጃው፣ የሊፍቱና የኮሪደሩ ድርሻ ተጨምሮበት የተሰላ ጠቅላላ ስፋት መሆኑን አስረዳ። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሸጠው» አለ። እውነቱን ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አፓርታማ የሚሸጠው እንደዚያ ነው። ግን ያን ቀን ሜትር የያዘ ሰው አብሯት ባይኖር ኖሮ፣ ይህች ሴት ለ25 ካሬ የምትከፍለውን ገንዘብ ለሳሎን የምትከፍል መስሏት ትመለስ ነበር።

እስካሁን ወደ አገሯ በመጣች ቁጥር የምታርፈው እህቷ ጋ ነበር። ሻንጣዎቿ ኮሪደሩን ይዘጋሉ፣ የእህቷ ልጆች አልጋ ይለቃሉ፣ ጠያቂ ስለማይቋረጥ ረከቦቱ ቀኑን ሙሉ አይነሳም። ሆቴል ልያዝ ብትል «እኛ ቤት የለንም ወይ?» የሚል ቅሬታ ይመጣል። የአባቷ ቤት ተሽጦ ለወራሾች ከተከፋፈለ ቆይቷል። አሁን የምትፈልገው ቁልፉ እጇ ላይ ያለ፣ ለገናም ሆነ ለጥምቀት ስትመጣ በሩን ከፍታ የምትገባበት ቤት ነው። በዓመት ያላት ዕረፍት ሦስት ሳምንት ነው። ለሦስት ሳምንት ቤት ይገዛል ወይ ለሚለኝ መልሴ፣ አዎ፣ ይገዛል ነው፤ ሃያ ዓመት የሌሊት ፈረቃ የሠራ ሰው በተወለደበት ከተማ በራሱ አልጋ ላይ መተኛት ቢያምረው የሚነቀፍበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ቤቱን የምትጠቀምበት ሦስት ሳምንት ነው፤ የሚገዛው፣ የሚከፈለው፣ የሚጠበቀውና የሚታደሰው ግን በቀሪዎቹ 49 ሳምንታት፣ በሌላ ሰው እጅ ነው። ከውጭ ሆነው ቤት ከገዙ ሰዎች የምሰማው ችግር አብዛኛው ከዚህ ይጀምራል።

ፓስፖርቷ የአሜሪካ ነው። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር የምትገዛው ቤት፣ በሕግ ዓይን፣ አንዲት የውጭ ዜጋ በውጭ አገር የምትገዛው የዕረፍት ቤት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በዚህ ላይ ጥብቅ ነበር። አንቀጽ 390 ከልዩ ፈቃድ ውጭ የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን አይችልም ይል ነበር። በቅን ልቦና ገዝቶ የተገኘ ቢኖር እንኳ በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዝ ነበር።

ይህን በር ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የከፈተው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለው መታወቂያ የመጣው በዚህ አዋጅ ነው። ራሱ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ፣ የኤርትራ ዜግነት ካለው በቀር፣ ካርዱን ሊያወጣ ይችላል። ካርዱ ያለው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤትም በስሙ ይገዛል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዝርያ ለሌላቸው የውጭ ዜጎችም ቢሆን፣ አነስተኛው መጠን 150 ሺህ ዶላር ሆኖ፣ ቤት የመግዛት መብት የሚሰጥ አዋጅ ጸድቋል። ነርሷ በዚህኛው በር መግባት አያስፈልጋትም፤ ቢጫ ካርዷ ይበቃታል። መሬቱን በተመለከተ ሁሉም እኩል ነው፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የሚገዛው ሕንፃው ነው፤ በሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው።

ቢጫ ካርድ ሳይመጣ በፊት የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው ምርጫው አንድ ብቻ ነበር፦ ገንዘቡን ልኮ ቤቱን በወንድሙ፣ በእህቱ ወይም በእናቱ ስም ማሠራት። ሕጉ ከተለወጠ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነውም ልማዱ አልለቀቀም። ካርዱን ማውጣት የሰለቸው፣ ለአጭር ጊዜ መጥቶ የቸኮለ፣ «ከወንድሜ ጋር ምን አለኝ» የሚል ሁሉ ዛሬም ካርታውን በሌላ ሰው ስም ያሠራል። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርታቸውን እንደያዙ በሪያድ፣ በቤይሩት ወይም በዱባይ የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ደግሞ የበለጠ ያሳዝነኛል። እነሱ ዜጎች ናቸው፤ ቢጫ ካርድም ሆነ ልዩ ፈቃድ ሳያስፈልጋቸው በገዛ ስማቸው መግዛት እየቻሉ ነው የሰው ቤት ጽዳት ያመጣውን ገንዘብ በሌላ ሰው ስም የሚያስገቡት።

በሌላ ሰው ስም የተገዛ ቤት ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 የባለቤትነት ማረጋገጫ ወረቀት በስሙ የተሰጠውን ሰው የንብረቱ ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። ግምቱን ማፍረስ ይቻላል፤ ግን የማፍረሱ ሸክም የሚወድቀው ገንዘብ ላኪዋ ላይ ነው። ቤቱ በስሙ የተመዘገበው ወንድም ደግሞ ትዳር አለው እንበል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 63 በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ የጋራ ነው ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ወንድምየው ሰው አክባሪና ታማኝ ቢሆን እንኳ ትዳሩ ሲፈርስ ቤቱ የክፍፍል ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ሲሞት ልጆቹ ይወርሱታል። ተበድሮ ቢከሰስ አበዳሪው በስሙ ያለውን ንብረት ያሳግዳል። እነዚህ ሁሉ እንዲደርሱ ማንም ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ሚስትየው የገንዘቡን ምንጭ ላታውቅ ትችላለች፤ ልጆቹ አባታቸው ቤቱን «የእኔ» ሲል እየሰሙ አድገዋል። በፍርድ ቤት የተለያዩ ወንድምና እህት ብዙ ጊዜ የተለያዩት አንዱ ሌባ ስለሆነ ሳይሆን፣ መጀመሪያውኑ ወረቀቱ እውነቱን ስላልተናገረ ነው። ለዚህ ነው ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቤቱን ከማየትህ በፊት ቢጫ ካርድህን አውጣ የምለው።

ስሙ ከተስተካከለ በኋላ ውክልና ይመጣል። ገዢዋ ሜሪላንድ ተመልሳ ሥራ ላይ ናት፤ ውል የሚፈርም፣ ቁልፍ የሚረከብ፣ ክፍለ ከተማ የሚመላለስ ሰው ያስፈልጋታል። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተፈርሞ፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። ሥነ ሥርዓቱ ከባድ አይደለም፤ አደጋው ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። የተለመደው ቅጽ ቃሉ ብዙ ነው፦ እንዲገዛ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያሲዝ፣ እንዲበደር፣ ገንዘብ እንዲቀበል፣ ሌላ ሰው እንዲወክል። ወረፋው ረጅም ነው፣ የፈቃዱ ሰዓት እያለቀ ነው፤ ሰው ሳያነብ ይፈርማል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በአንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ይህ ማለት ሕጉ መከላከያውን ቀድሞ ሰጥቷል፤ ያን መከላከያ አሳልፎ የሚሰጠው «እንዲሸጥ፣ እንዲያሲዝ» የሚለውን ሐረግ ሳያስፈልገው የሚፈርመው ሰው ራሱ ነው። ቤት እንዲገዛልህ የወከልከው ሰው ቤት መሸጥ ምን ያደርግለታል? የሚገዛውን ቤት አድራሻና የዋጋ ጣሪያ የሚጠቅስ፣ መሸጥን፣ ማስያዝንና ሌላ መወከልን በግልጽ የሚከለክል አንድ ገጽ ይበቃል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ይሻር፤ መሻሩም በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ፣ ተወካዩም በጽሑፍ ይወቀው።

ካርታ ካለው ሰው የተጠናቀቀ ቤት የሚገዛ ገዢ ሥራው ቀለል ይላል። ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን ከሚመለከተው የመሬት ጽሕፈት ቤት ያጣራል። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው መፈረም አለበት፤ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል። ያላገባ ከሆነም ያላገባ ማስረጃውን ያቅርብ። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይፈረማል፣ ከዚያ ስም ይዛወራል። የመጨረሻዋን እርምጃ የሚዘልል ብዙ ነው። ውል ተፈራርሞ፣ ቁልፍ ተቀብሎ፣ ስም ማዛወሩን ለሚቀጥለው ዓመት የሚያሳድር ሰው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2878 መሠረት ሽያጩ በመዝገብ ካልተመዘገበ ሦስተኛ ወገኖችን እንደማያስገድድ ይወቅ። የሻጩ ባንክ ወይም ሌላ ገዢ በመሐል ከመጣ በእጁ ያለው ቁልፍ ብዙም አያድነውም።

ባላለቀ ሕንፃ ላይ ቅድመ ክፍያ የሚከፍል ሰው ግን የሚገዛው ቤት አይደለም፤ ቃል ነው። ቃሉን የሰጠው ድርጅት ጠንካራ ከሆነ ቃሉ ቤት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ሆኗል። ያልሆነበትንም አይተናል፤ ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ ሰብስበው ሳይቱ ላይ ጉድጓድ ብቻ የተዉ አሉ። አንድ ጥያቄ በተለይ ሲጠየቅ አልሰማም፦ ሕንፃው ያረፈበት ይዞታ በባንክ ተይዟል ወይ? አልሚው ለግንባታው ተበድሮ ይዞታውን በመያዣ ሰጥቶ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ዕዳው ካልተከፈለው ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ነርሷ የዘጠነኛ ፎቁን ቤት ዋጋ ግማሹን ከፍላ ብትሆን በዚያ ቀን ተራዋ ከባንኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ከባንኩ የሚገኝ፣ ክፍያ ሲጠናቀቅ ያንን ክፍል ከመያዣው እንደሚለቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ከእንጦጦ እይታ ይበልጣል።

በዚህ ነገር የስፔን ታሪክ ጠቃሚ ነው፤ እዚያ እንግሊዞችና ጀርመኖች በፀሐያማው ባሕር ዳርቻ ለዓመት ፈቃዳቸው ቤት ሲገዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ቱሪዝሙ እየተስፋፋ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ስፔን ሕግ ቁጥር 57ን አወጣች። ካልተሠራ ቤት ላይ ቅድመ ክፍያ የሚሰበስብ አልሚ ገንዘቡን በልዩ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ፣ ቤቱ ካልተሠራም ከ6 በመቶ ወለድ ጋር እንደሚመለስ በባንክ ዋስትና ወይም በኢንሹራንስ እንዲያረጋግጥ አስገደደ። ሕጉ እያለ ግን በግንባታው ዘመን ብዙ አልሚ ዋስትናውን አልሰጠም፣ ብዙ ገዢም አልጠየቀም። እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያው ሲወድቅ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ቤትም ያለ ገንዘብም ቀሩ። ዓመታት ከተከራከሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 2015 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋስትና መኖሩን ሳያጣራ ቅድመ ክፍያውን ተቀብሎ ያስገባ ባንክ ራሱ ተጠያቂ ነው ብሎ ወሰነ። ብዙዎች ገንዘባቸውን ያገኙት በዚህ ውሳኔ ነው። ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ አዲስ አበባ ላይ የሚገዛ ሰው ቅድመ ክፍያው በምን ሒሳብ እንደሚገባ፣ ማን ዋስ እንደሚሆን ውል ውስጥ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ዋስትና ሊሰጥ የማይችል አልሚ ቢያንስ ክፍያውን ከሥራው ጋር እንዲያስተሳስር፣ ማለትም መሠረቱ ሲወጣ ይህን ያህል፣ ስትራክቸሩ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ በርክክብ ቀን ቀሪውን፣ ተብሎ እንዲዋዋል ይጠየቅ። የመዘግየት ቅጣቱም ቁጥር ይኑረው።

ዶላር የሚያገኝ ሰው ሁልጊዜ ያሸነፈ ይመስለዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ቀድሞ በብር ለተዋዋለ የውጭ ነዋሪ ቀሪ ክፍያው በዶላር ሲታይ ቀነሰ፤ አልሚዎቹ ግን ብረትና ሊፍት የሚያስመጡት በዶላር ነውና ብዙ ውል ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አለ። ያን አንቀጽ ሳያነቡ ዋጋው ይህ ነው ማለት አይቻልም። ወጪው ደግሞ በዋጋው አያበቃም፤ ለስም ዝውውር የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶና የከተማው የዝውውር ክፍያ አለ፣ ፊኒሽንግ አለ፣ በየዓመቱ የጣሪያና ግድግዳ ግብር አለ። ሲሸጥ በሚገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ይከፈላል። እኔ እንደማየው፣ ይህን ቤት የሚገዛ ሰው ገንዘቡ በብር እንደሚቀር አምኖ ይግዛ። መልሶ ወደ ዶላር ለውጦ አወጣዋለሁ ብሎ ያሰበ የጡረታ ገንዘቡን ባያስገባ ይሻላል። ገዢዋ እንደ ነርሷ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነች ደግሞ፣ ለቤቱ ብላ በኢትዮጵያ ባንክ የከፈተችው ሒሳብ ከሌሎች የውጭ ሒሳቦቿ ጋር በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባለውን ቅጽ መሙላት አለባት፤ ኪራይ ካገኘችም ለአሜሪካ ግብር ታሳውቃለች።

ኪራይ ካነሳን፣ ብዙዎች «ስሄድ አከራየዋለሁ፣ ስመጣ እገባበታለሁ» ብለው ነው የሚገዙት። ይህ ሒሳብ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አይሠራም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ተከራይ ያስገባች ነርስ ጥምቀት ሲደርስ ልቀቅልኝ ልትለው አትችልም፤ በኔ እምነት ሊባልም አይገባም፣ ለተከራዩ ያ ቤት የዓመቱ 52 ሳምንት ቤቱ ነው። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ ቤቱ ገቢ ያመጣል እሷም እህቷ ጋ ታርፋለች፣ ወይ ዘግታው ትሄዳለች።

የተዘጋ ቤት ሥራ አለው። ካርድ ቆጣሪው ሒሳብ ያልቅበታል፣ ፍሪጁ ውስጥ የተረሳ ነገር ይሸታል፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ቧንቧ ሲፈነዳ ውሃው ጂፕሰሙን ይዞ ሳሎን ይወርዳል። የጥበቃው፣ የጄኔሬተሩ፣ የሊፍቱና የጽዳቱ መዋጮ ቤቱ ሰው ኖረበትም አልኖረበትም ይመጣል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ ማኅበር እንዲኖራቸውና የጋራውን ንብረት በጋራ እንዲያስተዳድሩ ያደርጋል። ግማሹ ባለቤት ሜሪላንድ፣ ሩቡ ሎንዶን የሆነበት ሕንፃ ግን ስብሰባ ሲጠራ ምልዓተ ጉባኤ አያገኝም። ሊፍቱ ሲበላሽ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያሉት እናት ናቸው በየቀኑ የሚወጡት። ከውጭ የሚገዛ ሰው በቴሌግራምም ቢሆን ስብሰባውን ይከታተል፣ መዋጮውን የዓመቱን አንድ ላይ ይክፈል፣ ቁልፉንም የሚይዝለት ሰው በየወሩ ገብቶ ውሃ የሚከፍት፣ መስኮት የሚያናፍስ፣ ለድካሙም የሚከፈለው ይሁን። ዘመድ ነው ብሎ በነጻ ማሠራት ብዙ ሳይቆይ ቅያሜ ያመጣል።

የነርሷ ወንድም በሜትሩ ካገኘው ቁጥር በኋላ ድርድሩ ተለወጠ። ዋጋው በተጣራ ስፋት እንዲሰላ ጠየቁ፤ ሠራተኛው አይሆንም አለ። በሌላ ነገር ግን ተስማሙ፤ የቤቱ የውስጥ ስፋት በውሉ ለብቻው እንዲጻፍና በርክክብ ቀን ተለክቶ ከጎደለ በካሬው ዋጋ እንዲቀነስ። እሷ አልፈረመችም። ወደ ሜሪላንድ የተመለሰችው ውሉን ለጠበቃ ልካ፣ ለወንድሟ ደግሞ ፊርማ የማያካትት፣ ሰነድ የማጣራት ውክልና ብቻ ሰጥታ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ ማባከን ይለዋል፤ እኔ ግን ያየሁት ምርጡ የቤት አገዛዝ ይህ ነበር።

ሁለት ልጆች አሏት፤ ሁለቱም አሜሪካ የተወለዱ፣ አማርኛ የሚሰሙ ግን የማያነቡ። ቤቱን ከገዛችው ከእሷ በኋላ የእነሱ ነው፤ ወራሽነታቸውን የሚያረጋግጥላቸው የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ነው፣ ካርታውንም በስማቸው ለማዛወር ቢጫ ካርድ ይጠቅማቸዋል። ካርዱን ለማውጣት የዝርያ ማስረጃ ይጠየቃል፤ የእናታቸው አሮጌ የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የልደት ወረቀት የመሳሰለው የት እንደተቀመጠ የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። የልጆቹ ካርድ አሁን፣ እሷ ባለችበት ይውጣ። ኑዛዜዋንም በአራት ምስክሮች ፊት አድርጋ ወይም ሙሉውን በእጇ ጽፋ ታስቀምጥ፣ ሰነዶች ማረጋገጫም ታስመዝግበው። የውሉ፣ የካርታውና የክፍያ ደረሰኞቹ ቅጂ በሁለቱም አገር ይኑር፤ ልጆቹም በሚቀጥለው ጉዟቸው ክፍለ ከተማው የት እንደሆነ፣ የሕንፃው ማኅበር ሊቀመንበር ማን እንደሆነ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ በየትኛው ወር እንደሚከፈል አብረዋት ሄደው ይዩ።